የሰባ ስምንቱ ዘይት

መጋቢት 3፣ 1988

ዝናቡ ገባ። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ከሠፈራችን የተሳፈርኩበት ማታቱ፣ ሚኒባሱ፣ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሁላችንም ወርደን ገፋን። እኔም ዲግሪዬን ይዤ ገፋሁ። የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ስደርስ የጽዳቷ ሴትዮ ሱሪዬን አየችና «ፖሌ ሳና፣ ምዜ» አለችኝ። ምዜ! አይዞህ ሽማግሌው ማለቷ ነው። ገና አርባ አምስቴ ነው እኮ።

የሞተር ዘይቱ ግን ዛሬ አላሳፈረኝም። ማለያያውን ዱቄት፣ ሲሊካ ጄሉን፣ በቱቦው ውስጥ ደህና አድርጌ ስለጠቀጠቅኩት ቀስ ብሎ ወረደ። ሄክሳን የሚባለውን ማሟሚያ ሳፈስበት መጀመሪያ ፓራፊኖቹ ወጡ፣ ውሃ የመሰሉ። ቶሉዊን ሳስከትል አሮማቲኮቹ ቢጫ ሆነው መጡ፤ አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራባቸው ሰማያዊ ያበራሉ። መጨረሻ ላይ በሜታኖል ቡናማው፣ ሙጫ የሚመስለው። ሰው የሞተር ዘይት ሲያይ አንድ ነገር ያየ ይመስለዋል። አንድ ነገር አይደለም። ከየአቅጣጫው ተሰባስቦ አንድ ጣሳ ውስጥ የገባ ሕዝብ ነው። የኔ ጥያቄ ደግሞ፣ ከእነዚህ ውስጥ ዘይቱን ቆሞ ሲከርም እንዳይኮመጥጥ የሚጠብቀው የትኛው ነው የሚል ነው።

የምመረምራቸው ጠርሙሶች የሥራ ባልደረባዬ የነበረው የያዕቆብ ናቸው። አሰብ ሳለን ከየመርከቡ የሚራገፈውን፣ ገና ምንም መድኃኒት ያልተቀላቀለበትን ጥሬ የማለስለሻ ዘይት እየቀዳ፣ ጽሑፍ እየለጠፈ የሚያስቀምጠው እሱ ነበር። ያን ጊዜ ከአሰብ ስንወጣ ካርቶኑን እቅፌ ውስጥ አስገብቶ «ይኼን አትጣል» አለኝ። እሱ ጅቡቲ ሳንደርስ መንገድ ላይ ቀረ፤ ጠርሙሶቹ ደረሱ። ጌጤ እስከ ዛሬ ነገር ስታነሳ ከዚያ ነው የምትጀምረው፦ «የልብስ ስፌት መኪናዬን ጥሎ ዘይት ተሸክሞ የተሰደደ ሰው ነው ያገባሁት።»

መጋቢት 8፣ እሑድ

ፓርክላንድስ፣ ቤተ ክርስቲያን። ወንድም ጢሞቴዎስ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ «ወንድማችን ዘርይሁን በዩኒቨርሲቲ ቅባትን እያጠና ነው፣ ጸልዩለት» አይልም! እማማ ወርቂቱ ከስብሰባው በኋላ ይዘውኝ፣ «ልጄ፣ የቱን ቅባት ነው? የፈውሱን ነው የትንቢቱን?» አሉኝ። የመኪናውን ነው አልኳቸው። ቅር አላቸው። ወጣቶቹ አሁን «ቅቡዑ» ይሉኛል። ይሳቁ። የሰው ሳቅ ለምጃለሁ።

መጋቢት 13

እሰይ! አንዴ እንኳን እሰይ ልበል።

ዶክተር ኦዴሮ ቁጥሮቹን አይቶ ከወንበሩ ተነሳ። እሱ ለማንም የሚነሳ ሰው አይደለም፤ መምህሬ ነው፣ ግን ከሁለት ቃል በላይ ሲናገር የሰማሁት ዛሬ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞምባሳ ወደብ ያገኘነው በፈረንጅ የ1986 ዘይት ዐሥር ዓመት ቆሟል፤ አሲድነቱ ጨምሯል። የአሰቡ ጠርሙስ ላይ 78 ይላል፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ቆሞ አሲድነቱ ከሞምባሳው ጋር ልክ አንድ ነው። ይህን ያህል ዘመን ኦክስጅን ሳይበላው! «አሮማቲኮቹ ውስጥ የሚጠብቀው ነገር አለ» አለ ኦዴሮ። ሐራሬ ላይ ጉባኤ አለ፣ ጽሑፉን እንልካለን አለ። ስምህ ከስሜ ይቀድማል አለ።

ዘርይሁን ኤርሴዶ እና ኦዴሮ። ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ አየሁት። አምስት ዓመት ሙሉ እዚህ አገር ስሜ የሚጠራው ሰልፍ ላይ ነበር፣ እሱም ተጣሞ።

ለጌጤ ነገርኳት። «ጥሩ ነው» አለች፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች። ጊጊሪ የፈረንጅ ቤት ስታበስል ውላ መጥታ ለኛ ደግሞ ታበስላለች፤ ደክሟት ነው። ቢሆንም ቀና ብላ ብታየኝ ምን ነበረበት?

መጋቢት 24

ዛሬ ወደ ሦስተኛ አገር ለሚወስደው የሠፈራ ቃለ መጠይቅ ተጠራን፣ እኔ፣ ጌጤና ልጃችን ኤልሻዳይ። ይኼን ያህል ዓመት የጠበቅነው ቀን።

የስደተኞች ጽሕፈት ቤቱ መኮንን ፋይሉን ገልብጦ ኤልሻዳይን አያት፣ ፋይሉን አየ፣ እንደገና አያት። የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳለች። «ሃያ ሁለት ዓመትሽ ነው» አላት። «ፎርቲን ነኝ» አለች። ፋይሉ ላይ 1974 ተወለደች ይላል። ከአሰቡ ክሊኒክ ካርድ ላይ እንዳለ የተገለበጠ ነው፤ በኛ አቆጣጠር መሆኑን ማንም አላለም። እኔም በዚያው ሒሳብ ሃምሳ ሦስት ሆኛለሁ፤ የኔ ለማንም ግድ አልሰጠውም። እሷ ግን አዋቂ ከሆነች ከኛ ጋር አትሄድም። በራሷ ፋይል፣ በራሷ ተራ፣ ብቻዋን ናይሮቢ ትቀራለች።

ጌጤ አቆጣጠራችን ከናንተ ይለያል ብላ ልታስረዳ ጀመረች። ሰውየው እጁን አነሳ። «እመቤት፣ አቆጣጠራችሁን እናውቃለን። ልጁን ማሳነስ የሚፈልግ ሁሉ እዚህ መጥቶ እሱን ያነሳል።» የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ አንቀበልም፣ ሀበሻ ለሀበሻ ይመሰክራል አለ። ትምህርት ቤቱም አይሆንም፤ ስደተኛ ልጅ ዘግይታ ትጀምራለች፣ ስታንደርድ ኤይት፣ ስምንተኛ ክፍል፣ መሆኗ ዕድሜዋን አያሳይም። የውጭ ሰው፣ የታወቀ፣ ቤተሰቡን የሚያውቅ፣ እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ዓመት ያምታታሉ ብሎ በፊርማው የሚጽፍ ይምጣ። እስከ ሜይ መጨረሻ።

ማታቱ ውስጥ ጌጤ፣ «ስንመዘገብ ካርዱን ያነበብክላቸው አንተ ነህ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ስምንት ዓመት አስረጁብኝ ልጄን» አለች። ስምንት ዓመት።

መጋቢት 25

ራሴን አሞኛል። ላብራቶሪ ገባሁ፣ ቱቦ አጠብኩ፣ ወጣሁ። ጠርሙሶቹን አልነካሁም።

መጋቢት 27

ኦዴሮ ለሐራሬ የሚላከውን አስተይቦ ሰጠኝ። «1978» ይላል ሠንጠረዡ፣ በአራት አኃዝ። መጀመሪያ ስንጀምር ጠርሙሱን አንስቶ «ሰባ ስምንት ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ እኔም ሰባ ስምንት አልኩት። ሰባ ስምንት ነው የሚለው። ውሸት የለበትም። ጽሑፉ የያዕቆብ እጅ ነው፣ ያዕቆብ ደግሞ በሥራው የማይሳሳት ሰው ነበር።

ፈረምኩ። ፋክስ ሆነ።

ሚያዝያ 2

ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የነሱ ፋሲካ አለፈ፣ የኛ ገና እሑድ ነው። ኤልሻዳይ «ሁለት ጊዜ ክርስቶስ ይነሳልናል፣ ፖአ ሳና፣ በጣም አሪፍ» ብላ እናቷን አስቆጣች። ቤት ብቻዋን ከምትውል ብዬ ላብራቶሪ ወሰድኳት። ብርጭቆ ታጥባለች፣ ትዘፍናለች፣ የሌለ ጥያቄ ትጠይቃለች። አሮማቲኩ በመብራቱ ሰማያዊ ሲያበራ አሳየኋት። «ዋው፣ አባዬ፣ ኢትስ ላይክ ዲስኮ» አለች። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ወር ከልቤ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ጠርሙሱን አንስታ አነበበች። አማርኛ ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። «ጥር 78።» ጠረጴዛው ላይ የተተየበውን «1978» አየች፤ ተመልሳ ጠርሙሱን አየች።

«አባዬ፣ ይሄ ሰቨንቲ ኤይት የኛ ነው የነሱ?»

«እጠቢ፣ ዝም ብለሽ እጠቢ» አልኳት።

አጠበች። መዝፈኗን ግን ተወች። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች።

ሚያዝያ 9

ጌጤ ጠዋት በር ላይ ያዘችኝ። «ያ ዶክተርህ አለ አይደል? የውጭ ሰው፣ የታወቀ። አንድ ገጽ ምኑ ነው? ጠይቀው።»

እውነቷን ነው። የጊጊሪ እመቤቷ ለእረፍት አገሯ ሄዳለች፤ ሌላ ሰው የለንም። እጠይቀዋለሁ አልኩ። ዛሬ ግን ፈተና እያረመ ነበር።

ሚያዝያ 11

ስብሰባ ነበረበት።

ሚያዝያ 15

ዝናብ። ኦዴሮ አልመጣም። መጥቶ ቢሆን እጠይቀው ነበር።

እንዲያው ግን ምን ብዬ ነው የምጀምረው? «ዶክተር፣ እኛ ሀበሾች ዓመት ስንጽፍ ከናንተ በስምንት ይጎድላል፣ እባክህ ይህን መስክርልኝ» ብዬ? ይህን ብዬ ስጨርስ ዓይኑ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። የጠርሙሶቹ መደርደሪያ ከጀርባዬ ነው ያለው።

ሚያዝያ 18

ዛሬ ሌላ ነገር አሰብኩ። መርከቡ የፈረንጅ መርከብ ነው፣ ሰነዱም በእንግሊዝኛ ነበር። ያዕቆብ ከሰነዱ ላይ ገልብጦ በፈረንጅ ጽፎት ሊሆን ይችላል። ለምን አይችልም? ጥር ብሎ ጀምሮ በፈረንጅ ዓመት ይጨርሳል ወይ የሚል ሰው ካለ፣ ያዕቆብን ይጠይቀው። ያዕቆብ ሞቷል።

ይህን ሁሉ የማደርገውስ ለማን ሆነና? ስም ካገኘሁ ለነሱ ነው። የምንሄድበት አገር ደርሰን ምንድነህ ሲሉኝ ላሳያቸው የምችለው ነገር ይኖረኛል። ያለዚያ እዚያም ማታቱ ገፊ ነኝ። ጌጤ ይህ አይገባትም።

ሚያዝያ 22

«ጠየቅከው?» አለች።

«ጠየቅኩት» አልኩ።

ከአፌ ወጣ። «ምን አለህ?» ስትል፣ «ሥራ በዝቶብኛል፣ ቆይ አለኝ» አልኩ። ኤልሻዳይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። ቀና አላለችም፤ እርሳሷ ግን ቆመ።

ግንቦት 1

ሐራሬ ተቀብሎናል! ኦዴሮ እጄን ጨበጠኝ። የስደተኛ መጓዣ ሰነድ እንዲያወጡልኝ ራሱ እጽፋለሁ አለ። ለኔ ሊጽፍ ብዕሩ ቀላል ነው ማለት ነው። ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ያኔ፣ እጄን እንደያዘ።

ከዚያ፣ «በሰባ ስምንት አንተ አሰብ ነበርክ?» አለኝ። «ያዕቆብ ነበረ» አልኩት። እውነት ነው፣ ያዕቆብ ከድሮም ነበረ። ጭንቅላቱን ነቀነቀና ሄደ።

ምሳ አልበላሁም። ቱቦው ውስጥ ሲሊካው ዛሬ ተሰነጠቀብኝ፣ ዘይቱ መሃል ለመሃል መንገድ አበጅቶ ሳይለያይ ወረደ። እንደገና መሥራት አለብኝ።

ግንቦት 11፣ እሑድ

ምነው ዛሬ ቤት በቀረሁ።

ጌጤ ለጢሞቴዎስ ነግራው ኖሯል። መድረኩ ላይ ወጣና፣ «እህታችን ጌጤ ልጇ ብቻዋን እንዳትቀርባት አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደብዳቤ እንዲጽፍላት ተለምኖ ልቡን አጽንቷል። ጌታ የዶክተር ኦዴሮን ልብ እንዲያለሰልስ እንጸልይ» አለ። ጉባኤው በሙሉ ተነሳ። እማማ ወርቂቱ በእንባ ጮኹ። «ልቡን ስበረው! የድንጋዩን ልብ አውጣለት!» ጌጤ መሬት ላይ ተንበርክካለች። ያ ምስኪን ሰውዬ ይኼኔ ቤቱ ጋዜጣውን ያነባል፤ ማን ምን ለምኖት!

እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል? ሁሉም እያለ እኔ ዝም ብል ያስታውቃል።

ኤልሻዳይ አሜን አላለችም። ዓይኗን ገልጣ እኔን ታያለች።

ግንቦት 14

ሦስት ሰዓት ላይ የሞምባሳውን ናሙና ስመዝን ኦዴሮ መጥቶ ቢሮዬ ና አለኝ። ስሄድ ከፍ ያለው በርጩማ ላይ ኤልሻዳይ ተቀምጣለች፤ ከትምህርት ቤት ቀርታ፣ ጫማዋ ጭቃ፣ እግሯ መሬት አይደርስም። ጠረጴዛው ላይ የያዕቆብ ጠርሙስ አለ።

ሰላምታ የለም። «ዘርይሁን፣ ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?» አለኝ።

«ዐሥራ አራት።»

«በወረቀትስ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ዘይቱስ?»

ኤልሻዳይ ጫማዋን ታያለች።

ለካ በጠዋት መጥታ ራሷ ደብዳቤውን ጠይቃው ኖሯል። «አባትሽ አንድም ቀን አላነሳልኝም» ሲላት አላለቀሰችም፤ አቆጣጠሩን አስረዳችው፣ በኔ በኩል ሳይሆን በራሷ እንግሊዝኛ። ሰውየው ማስረጃ አለሽ ወይ ሲላት እኔ ሳልገባ ወደ ላብራቶሪው ሄዳ ጠርሙሱን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። «ይኸውልህ፣ ጥር ነው የሚለው። ጥር ካለ ዓመቱም የኛ ነው።» ይህን የነገረኝ ኦዴሮ ነው።

ኦዴሮ ቢጮኽብኝ በወደድኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «እኛ ራሳችን በስዋሂሊ ሰዓት የምንቆጥረው እንደናንተ ነው። እናቴ ሳአ ምቢሊ፣ ሁለት ሰዓት ስትለኝ በእንግሊዝኛ ስምንት መሆኑን ለስንት ፈረንጅ አስረድቻለሁ። ቁጥሩን ስጠይቅህ የማን ቁጥር እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።» ጥር ሰባ ስምንት ማለት ጃንዋሪ 1986 ነው። ዐሥር ዓመት። ከሞምባሳው ጋር እኩል ቆሞ እኩል ኮመጠጠ። የሚጠብቅ ነገር የለም። የተለየ ነገር የለም። ዘይት ነው።

ፓራፊኑ ይህን ያህል፣ አሮማቲኩ ይህን ያህል የሚለው ግን ትክክል ነው፤ ለመመረቂያ ይበቃሃል አለኝ። ይበቃሃል! ጽሑፉን ከሐራሬ ዛሬውኑ በፋክስ መልሶ ወሰደው። «ታውቅ ነበር?» ብሎ ግን አልጠየቀኝም። ጠብቄው ነበር። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገው፣ አልጠየቀኝም።

ግንቦት 15

ጌጤ ሰምታለች። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ራቴን አቀረበች፤ ጎመኑ ትኩስ ነበር። «ሰውየው ላይ ጸልየንበታል» አለች። «ደግሞ ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ፣ አንተ ባልሠራው ላሰደብከው።» ከዚያ አብራኝ አልተቀመጠችም።

እኔም እኮ ሰው ነኝ። ይህን ደብተር ለማን እንደምጽፈው አላውቅም። አንዲት ነገር በስሜ እንድትጠራ ፈለግኩ፣ ሌላ ምን ፈለግኩ?

ግንቦት 17

ሲሊካ ገዛሁ። ቱቦውን እንደገና ጠቀጠቅኩ። ኤልሻዳይ ጠዋት «ባይ» ትለኝ ነበር። አሁን ለእናቷ ብቻ ነው የምትለው።

ግንቦት 20፣ 1988፤ ሜይ 28፣ 1996

ደብዳቤውን ይዘን ሄድን። ኤንቨሎፑ የታሸገ ስለነበር አላነበብነውም። መኮንኑ ከፍቶ መጀመሪያ ለራሱ አነበበ። ከዚያ ፈገግ አለና፣ ይኼንስ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው አለ። ሲያነበው ሰማነው። እንዲህ ይላል፣ በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«ልጅቷ ዐሥራ አራት ዓመቷ መሆኑን አምናለሁ። የማምንበት ምክንያት ይህ ነው። በላብራቶሪዬ ከአባቷ ከአቶ ዘርይሁን ኤርሴዶ ጋር የሞተር ዘይት ስናጠና፣ ኢትዮጵያዊ ቀን የተጻፈበትን ጠርሙስ በእኛ አቆጣጠር ወስደን የዐሥር ዓመቱን ዘይት ዐሥራ ስምንት ብለነዋል። ለጉባኤ የላክነውንም ጽሑፍ በዚሁ ምክንያት መልሰን ወስደናል። አቶ ዘርይሁን የተማረና ጠንቃቃ ሰው ነው። እሱ በገዛ ሙያው እንዲህ ከተሳሳተ፣ በልጁ ወረቀት ላይ መሳሳቱ አይገርምም።»

ስሜ ሁለት ቦታ ተጠርቷል። ሳይጣመም።

ኦዴሮ ይህን በቅን ልብ ነው የጻፈው። ሊያዋርደኝ አይደለም። ራሱንም አብሮ አዋርዷል፣ ፊርማና ማኅተም አድርጎበት። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

መኮንኑ ደብዳቤውን አስቀምጦ ወደኔ ዞረ። በዓይኑ ሳቅ አለ፣ ክፋት ግን የለበትም። «እውነት ነው? በዘይቱም ተሳስተህ ነው?»

ጌጤ ቦርሳዋን ጨብጣለች። ኤልሻዳይ ከጎኔ ናት፤ ትከሻዋ ክንዴን ይነካል፣ አልራቀችም።

«አዎ» አልኩ። «ተሳስቼ ነው።»

ሰውየው 1974ን ሰርዞ 1982 ጻፈ። አጠገቡ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ። ኤልሻዳይ ዐሥራ አራት ዓመት ሆነች፤ ከኛ ጋር ትሄዳለች። ጌጤ «ጌታ ይባርክህ» እያለች ሁለት እጁን ያዘች፣ በአማርኛ። ሰውየው ካሪቡ፣ ምንም አይደል፣ አላት።

ስንመለስ ማታቱው ሞልቶ ጌጤ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔና ኤልሻዳይ ከኋላ። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። መስኮቱ አይዘጋም፣ ዝናቡ ይገባል፤ በኔ በኩል ላስቀምጣት ብል እምቢ አለች። ሳፋሪ ፓርክ ሆቴልን ካለፍን በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«አባዬ፣ አልተሳሳትክም ነበር እኮ» አለችኝ።

በሙዚቃው ምክንያት እንዳልሰማ ሆኜ ወደ ውጭ አየሁ።